«ፎርጅድ» ፒንሳ ስጠኝ!

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። የዕቃ መሸጫ ሱቅ ገባችሁ እንበል። ሻጩ ያቀረበላችሁን ፒንሳ ገልበጥ አድርጋችሁ ስታዩት ጎኑ ላይ በእንግሊዝኛ «ድሮፕ ፎርጅድ» የሚል ጽሑፍ ተቀርጾበታል። ምን ታደርጋላችሁ? የሀገሬን ልጅ አውቀዋለሁ፤ «ይኼማ ራሱ ፎርጅድ ነኝ እያለ ነው!» ብሎ ባንኮኒው ላይ ጥሎት ይወጣል።

አይፈረድበትም። በሰፈራችን ቋንቋ ፎርጅድ ማለት ሐሰተኛ ነው። ፎርጅድ ዲግሪ፣ ፎርጅድ መታወቂያ፣ ፎርጅድ ብር… በብረት ሠሪዎች ቋንቋ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። የጋለ ብረት ቅርጽ ማውጫ ላይ ተቀምጦ፣ ከላይ በሚወርድ ከባድ መዶሻ ተቀጥቅጦ ተሠራ ማለት ነው። እንግሊዝኛው ለሁለቱም፣ ለቀጥቃጩም ለአጭበርባሪውም፣ አንድ ቃል ይጠቀማል። እኛ የወሰድነው የአጭበርባሪውን ብቻ ነው። ስለዚህ ለፒንሳ ትልቁ ምስጋና እኛ ዘንድ ስድብ ሆኖ አረፈው።

ቀልዱ ቀልድ ነው፤ ውስጡ ግን ቁም ነገር አለ። ዛሬ ጎንደር ቅዳሜ ገበያም ሆነ ፒያሳ፣ ደባርቅም ሆነ አዲስ አበባ መርካቶ፣ ዕውነተኛውን ዕቃ ከአስመሳዩ የምንለየው በቃል ነው። «ኦሪጂናል ነው?» እንጠይቃለን፤ «ኦሪጂናል ነው!» ይባላል፤ እንከፍላለን፤ አለቀ። እጃችን እስኪፈርድ ድረስ አንጠብቅም። እኔ ደግሞ የምለው፣ ፒንሳ በቃል ሳይሆን በእጅ ነው መመረጥ ያለበት። ይህን የማያውቅ ወጣት ሠራተኛ የሚከፍለው ብር ብቻ አይደለም፤ አንዳንዴ ዓይኑን፣ አንዳንዴም ነፍሱን ነው።

ሴት ልጅና ፒንሳ

«ጋዜጠኝነት ተምረሽ ፒንሳ ላይ ምን ወሰደሽ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ዕቃ መሸጫ ስገባም ያው ነው፤ እኔ ጠይቄ ሻጩ መልሱን የሚሰጠው አብሮኝ ለቆመው ወንድሜ ነው። «እታለም፣ ለቤት ከሆነ ይቺ ትበቃሻለች» ተብዬ በጣም ቀላሉን ዕቃ የተቀበልኩበት ቀን ብዙ ነው። ለቤት የሆነ ነገር ሁሉ ደካማ መሆን እንዳለበት ማን እንደወሰነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ነገሩ ግን የወንድና የሴት አይደለም። በዙሪያችሁ ያሉትን እኩዮቻችሁን ቁጠሩ። ሞባይል ጠጋኝ፣ ኤሌክትሪሺያን፣ ዲሽ ገጣሚ፣ የባጃጅ መካኒክ፣ ጨሌና ሽቦ እያጠማዘዘች ጌጥ የምትሠራ… የሁሉም እንጀራ በአንድ ፒንሳ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ከቴክኒክና ሙያ ተመርቆ «ሥራ ፈጣሪ ሁን» የተባለው ልጅ ሥራውን የሚፈጥረው በንግግር ሳይሆን በዚሁ ዕቃ ነው።

ለመሆኑ የቱን ፒንሳ ነው የምንለው?

ስለ አንዱ ዓይነት ላውራችሁ፤ አፉ ረጅምና ሹል ስለሆነው፣ መጋጠሚያውም ስለሚንሸራተተው። ረጅሙ አፍ ጣት የማይገባበት ቦታ ገብቶ ቀጭን ሽቦ ይይዛል፣ ያጥፋል፣ ይጎትታል። መጋጠሚያው ላይ ያሉት ሁለት የተያያዙ ቀዳዳዎች ደግሞ ብሎኑን ከአንዱ ወደ ሌላው በማንሸራተት አፉ ሰፋ ብሎ እንዲከፈት ያደርጋሉ። አንድ ዕቃ የሁለት ሥራ ይሠራል። ኪሱ ላልሞላ ጀማሪ የሚስበውም ለዚህ ነው።

ታዲያ ጥቅሙ ያለበት ቦታ ድክመቱም ያለበት ነው። አፉ ቀጭን ስለሆነ ብረቱ ልል ከሆነ ይጣመማል። መጋጠሚያው ስለሚንሸራተት በትክክል ካልተሠራ ይዋልላል። ወፍራሙ ተራ ፒንሳ መጥፎ ብረትን በውፍረቱ ይሸፍነዋል፤ ይሄኛው ግን ምንም መሸፈኛ የለውም። ስለዚህ አስመሳዩ ቶሎ የሚጋለጠውም፣ ቶሎ የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው።

በነገራችን ላይ ፒንሳ የሚለውን ቃል የወረስነው ከጣሊያንኛ ነው፤ እንደ ካቻቢቴ፣ እንደ ብሎን፣ እንደ ላሜራ። የጣሊያን ጦር በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻውን ሽንፈት ተቀብሎ እጁን የሰጠው እዚሁ ጎንደር፣ በኅዳር 1941 እ.ኤ.አ. ነበር። ሰዎቹ ሄዱ፤ ቃሉ ቀረ። ዕቃው ግን ለእኛ እንግዳ አልነበረም። ሁለት ክንድና አንድ መጋጠሚያ ያለው፣ የጋለ ብረት የሚያዝበት ጉጠት ከቀጥቃጭ እጅ ተለይቶ አያውቅም። ወደዚህ ነገር እመለስበታለሁ።

አስመሳዩ የት ላይ ነው የሚሰርቀን?

አስመሳይ ፒንሳ ከሩቅ ሲታይ ከጥሩው አይለይም፤ እንዲያውም የበለጠ ያብረቀርቃል። የሚሰርቀን ዓይን የማያየው ቦታ ነው፤ ብረቱ በእሳት ውስጥ ሲያልፍ።

ጥሩ የፒንሳ ብረት ቅርጹን ከያዘ በኋላ ከ800 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይግላል፤ ከዚያ ዘይት ውስጥ ተነክሮ በድንገት ይቀዘቅዛል። ይጠነክራል፤ ነገር ግን እንደ መስታወት ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ እንደገና በዝቅተኛ ሙቀት ይሞቅና ቁጣው ይበርድለታል። ጠንካራም ታጋሽም የሚሆነው ያኔ ነው። የሽቦ መቁረጫው ምላጭ ደግሞ ለብቻው ተጨማሪ ማጠንከሪያ ይደረግለታል። ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈጃል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ባለሙያ ይፈልጋል። አስመሳዩ ዋጋ የሚቀንሰው እዚህ ነው።

መጀመሪያውኑ ሳያጠነክር ከቀረ ብረቱ ልል ይሆናል። ከሳምንት በኋላ የአፉ ጫፎች እንደተጣሉ ሰዎች ፊታቸውን ያዟዙራሉ፤ ምላጩም ሽቦ ከመቁረጥ ይልቅ ያኝከዋል። አጠንክሮ ቁጣውን ሳያበርድ ከተወው ደግሞ የባሰ ነው፤ ጫፉ ድንገት ተሰብሮ ይፈናጠራል። የሚፈናጠረው የት እንደሆነ መገመት አያቅትም፤ ሠራተኛው አጎንብሶ የሚያይበት አቅጣጫ ነዋ!

እጅ ይፍረድ

ስለዚህ ሻጩን «ኦሪጂናል ነው?» ብላችሁ አትጠይቁት። እንዲህ አድርጉ።

አንደኛ፣ ፒንሳውን ዘግታችሁ ወደ ብርሃን አንሱት። ጫፎቹ እርስ በርስ በትክክል መገናኘት አለባቸው። ቀስ ብላችሁ ስትዘጉት ጫፎቹ ቀድመው ተገናኝተው ከኋላ ትንሽ ብርሃን ቢታይ ችግር የለውም፤ እንዲያውም ደግ ነው። ጫፎቹ ሳይነካኩ ከኋላ ከተዘጋ ግን ቀጭን ሽቦ አይይዝም። አንድ ስስ ወረቀት ጫፉ ላይ አስይዛችሁ ጎትቱ፤ ከሾለከ መልሱት።

ሁለተኛ፣ ሁለቱን እጀታዎች ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን ወዝውዙት። መጋጠሚያው መፈታትም መዋለልም የለበትም። በአንድ እጅ ሲከፈት ደግሞ ሳይንቀራፈፍ ይከፈት። ጠንከር ያለ ሁሉ ጥሩ አይደለም፤ ቀለም ያጣበቀው መጋጠሚያም ጠንካራ ይመስላል።

ሦስተኛ፣ ብሎኑን ወደ ሰፊው ቀዳዳ አንሸራትቱና አንድ ነገር አስይዛችሁ ጨምቁ። በጭመቃ መሐል ወደ ነበረበት ከዘለለ ጣታችሁን ይነክሳል። ይህን ፈተና ያላለፈ ተንሸራታች ፒንሳ ምኑም አይጠቅምም።

አራተኛ፣ ምላጩን ዘግታችሁ ተመልከቱ፤ ከዳር እስከ ዳር ሳይዛነፍ ይገጥማል? ከመዳብ ገመድ አንድ ነጠላ ክር ስጡት። ጥሩው «ቀጭ» አድርጎ ይቆርጣል፤ አስመሳዩ አጥፎ ይመልስላችኋል።

አምስተኛ፣ ገዝታችሁ ቤት ከገባችሁ በኋላ ሞረድ ካላችሁ የምላጩን ዳር በቀስታ ነካ አድርጉት። ሞረዱ ከተንሸራተተ ብረቱ ጠንክሯል። እንደ ቅቤ ከላጠው ግን የገዛችሁት የፒንሳ ፎቶግራፍ ነው።

ክብደት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ማብረቅረቅማ ጭራሽ! «ክሮም ቫናዲየም» የሚለው ማኅተምም ቢሆን ዋስትና አይደለም፤ ፊደል መቅረጽ ብረት ከማጠንከር በጣም ይረክሳል።

ስለ እጀታው ልጨምር፤ ይሄኛው ቀልድ የለውም። ቀይ ወይም ሰማያዊ ፕላስቲክ የለበሰ እጀታ ሁሉ ከኤሌክትሪክ ይከላከላል ማለት አይደለም። አብዛኛው ለመያዝ እንዲመች ብቻ የተደረገ ነው። በኤሌክትሪክ ላይ እንዲሠራ የተፈተነ ፒንሳ «1000 ቮልት» የሚል ጽሑፍና የተደራረቡ ሁለት ሦስት ማዕዘኖች ምልክት ይኖረዋል። የእኛ ቤት መብራት 220 ቮልት ነው፤ ለመግደል ይበቃል። ምልክቱም ሊኮረጅ ስለሚችል መጀመሪያ ቆጣሪውን አጥፉ፤ ከዚያ ፒንሳችሁን አምጡ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

«ቻይና ነው» መልስ አይደለም

እኛ ሀገር ዕቃ ሲሰበር ፍርዱ አንድ ነው፤ «ቻይና ነዋ!»። ይሄ ለራሳችን የምንሰጠው ማደንዘዣ ነው። የቻይና ፋብሪካ በሦስት ዋጋ ሦስት ዓይነት ፒንሳ ይሠራል። የትኛው እንዲጫን የሚያዘው አስመጪው ነው፤ አስመጪው የሚያዘው ደግሞ እኛ የምንገዛውን አይቶ ነው። የዕቃው ጥራት ከፋብሪካው በፊት ትዕዛዙ ላይ ይወሰናል።

እና ስም ያላቸው አምራቾች ለምን ይታመናሉ? ጀርመናዊው ካርል ጉስታፍ ፑች በ1882 እ.ኤ.አ. የከፈተው አንጥረኛ ቤት ዛሬ ክኒፔክስ የሚባለው ነው፤ እስካሁንም እዚያው ዉፐርታል ከተማ ፒንሳ ይሠራል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ክላይን የሚባለው ኩባንያ ስለ አጀማመሩ የሚያወራው ታሪክ ደስ ይለኛል። በ1857 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ውስጥ አንድ የቴሌግራፍ መስመር ሠራተኛ የተሰበረ ፒንሳ ይዞ ወደ ማቲያስ ክላይን ሱቅ ይመጣል። ክላይን የተሰበረውን ግማሽ ቀጥቅጦ አዲስ ይሠራለታል። ቆይቶ ያልተቀየረው ግማሽ ሲሰበር ሰውየው ተመልሶ ይመጣል፤ ክላይን ያንንም ሠራለት። እንግዲህ ሙሉው ፒንሳ የክላይን ሆነ ማለት ነው።

ከዚህ ታሪክ የምወደው ብረቱን አይደለም፤ ሰውየው መመለሱን ነው። ሠሪው የት እንዳለ ያውቃል። ሠሪውም ሰውየው ነገ ተመልሶ እንደሚመጣ ያውቃል። ጥራት የሚባለው ነገር የሚወለደው በእነዚህ በሁለቱ መሐል ነው።

ጎንደር ይህን ታውቀው ነበር

አሁን ወደ ጉጠቱ ልመለስ። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከከተማው ወጣ እንዳላችሁ ወለቃ የሚባል መንደር አለ። ቤተ እስራኤላውያን ይኖሩበት ነበር፤ ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ። የወገራና የደምቢያ ገበሬ ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ መጥረቢያውን የሚያገኘው ከእንዲህ ዓይነት መንደሮች ነበር። ማረሻ ቢታጠፍ ገበሬው ለማን እንደሚመልሰው ያውቃል፤ ሠሪው ስም አለው፣ ቤቱም ይታወቃል። ማኅተም አያስፈልገውም ነበር።

እኛስ በምላሹ ምን ሰጠነው? ቡዳ አልነው። ማረሻውን ወስደን እጁን ጠላነው። ወናፍ የሚነፋውን፣ እሳት የሚያውቀውን ሰው በሌሊት ጅብ ይሆናል ብለን አወራንበት፤ መሬት ከለከልነው። በ1984 እና 85 በሱዳን በኩል፣ በ1991 ደግሞ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው) እጅግ ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ሄዱ። የሄዱበት ምክንያት ሃይማኖትም፣ ረሃብም፣ ጦርነትም ነው፤ ስድቡ ብቻ ነው አልልም። ግን ሲሄዱ «የእጅ ባለሙያ አጣን» ብሎ ያለቀሰ ብዙ ሰው አልሰማሁም።

ድሮ ወርቃማ ነበር እያልኩም አይደለም፤ የወለቃ ቀጥቃጭ ሹል አፍ ፒንሳ አልሠራልንም። እያልኩ ያለሁት ሠሪውን የሚንቅ ሕዝብ ጥራት አይጠብቅ ነው። ዛሬም ቢሆን ብየዳ ቤት የሚሠራውን ልጅ ቢሮ ከሚቀመጠው አሳንሰን እያየን፣ «ሀገራችን ለምን ጥሩ ዕቃ አትሠራም?» ብለን እንጠይቃለን። ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው ይባል የለ? እኛ ግን የምንቀጠቅጠው ቀጥቃጩን ነው።

ርካሹ ስንት ነው?

«እሺ ገባን፤ ብሩስ?» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ አብሮ ሄዷል። ለጀማሪ ሠራተኛ «ውዱን ግዛ» ማለት ቀላል ምክር አይደለም።

ቢሆንም እንቁጠረው። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው። አስመሳዩ 200 ብር ይሁን፣ ጥሩው 1,000 ብር። አስመሳዩ በየቀኑ ሥራ ሁለት ወር ቢቆይ በዓመት ስድስት ትገዛላችሁ፤ 1,200 ብር። በዚህ ላይ ተሰብሮ ሥራ ያቋረጠበት ቀን፣ ራሱ የላጠው ብሎን፣ «ዕቃው እንኳን የለውም» ብሎ የሄደ ደንበኛ አለ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ስለዚህ ምክሬ እንዲህ ነው፤ በሻንጣ የተደረደረውን ባለ አሥራ ሁለት ዕቃ ስብስብ ተዉት። በዚያው ብር በየቀኑ የምትሠሩበትን አንዱን ብቻ፣ ግን ጥሩውን ግዙ። ሌላውን ሥራው ራሱ ይገዛላችኋል። ጥሩውን ከገዛችሁ ደግሞ አታሰቃዩት፤ ሹል አፍ ፒንሳ ትልቅ ብሎን መፍቻም መዶሻም አይደለም። ጥሩም ዕቃ በግፍ ይሰበራል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን የከተማ ልጅ አይደለም። እኔ ጎንደር ላይ ቢሰበርብኝ ነገ ሱቁ ሄጄ እከራከራለሁ። ዳባት ወይም ደባርቅ ገበያ ላይ ገዝቶ፣ ግማሽ ቀን በእግሩ ተጉዞ ስሜን ተራራ ሥር ያለ ቀበሌው የገባ ሰውስ? የመንደሩን ሬዲዮና የፀሐይ መብራት የሚጠግነው እሱ ነው። ፒንሳው ሲሰበር የሚቋረጠው የእሱ ሥራ ብቻ ሳይሆን የመንደሩ መብራት ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶ ነበር። መልካም ሐሳብ ነው። ግን ያለ ደረሰኝ ማን ይጠይቃል? ያለ መኪናስ ማን ይመለሳል?

እንግዲህ ምን ይሁን?

ሻጮች ሆይ፣ ዕቃውን በፕላስቲክ አሽጋችሁ «ከከፈትክ ገዛህ» አትበሉ። ባንኮኒያችሁ ላይ አንድ ክር ሽቦና አንድ ወረቀት አስቀምጡ፤ ደንበኛ ይሞክር። ደረሰኝ ቁረጡ። ርካሹን መሸጥ ነውር አይደለም፤ ርካሹን «ኦሪጂናል» ብሎ መሸጥ ነው ነውሩ።

የሙያ ትምህርት ቤቶች ሆይ፣ ተማሪ በዕቃ መሥራትን ብቻ ሳይሆን ዕቃ መምረጥንም ይማር። የወርክሾፕ ዕቃ ሲገዛም ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ብቻ ያሸንፋል ከተባለ፣ ልጁ በመጀመሪያው ቀን የሚማረው ፒንሳ የሚባል ነገር በተፈጥሮው የሚዋልል መሆኑን ነው።

እኛ ገዢዎችስ? ከእኛ የሚጠበቀው አምስት ደቂቃ ነው። ወደ ብርሃን ማንሳት፣ መወዝወዝ፣ ማንሸራተት፣ አንድ ክር መቁረጥ። ሻጩ ቢቆጣ ይቆጣ። አስመጪው የሚያዘው እኛ የምንመልሰውንና የማንመልሰውን አይቶ ነው ብለናል፤ እንግዲያው መመለስ እንጀምር። ባንኮኒ ላይ የተመለሰ እያንዳንዱ አስመሳይ ፒንሳ በሚቀጥለው ትዕዛዝ ላይ አንድ ድምፅ ነው።

እና ሻጩ «እመኚኝ እህቴ፣ ይሄ ፎርጅድ አይደለም!» ቢላችሁ፣ ፈገግ በሉና «እኔማ የምፈልገው የተቀጠቀጠውን ነው» በሉት።

ቸር እንሰንብት!